በአንድ እግሩ አገር ያነቃነቀ ወጣት

ለታመመ ወገን ገንዘብ ማዋጣት በጎ ነው፤ ስለ እሱ ብሎ ራስን ማድከም ግን ከዚያም ይልቃል። ለዚህ ከካናዳዊው ቴሪ ፎክስ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

ቴሪ በ18 ዓመቱ የአጥንት ካንሰር ያዘውና ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ሆስፒታል ሳለ ያየው የሕሙማን ስቃይ ከልቡ አልወጣ አለ። ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ ካናዳን ከዳር እስከ ዳር በሩጫ ሊያቋርጥ ወሰነ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1980 ሰው ሠራሽ እግሩን አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ነክሮ ከሴንት ጆንስ ከተማ ተነሣ። በየቀኑ የአንድ ማራቶን ያህል፣ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጥ ነበር። መጀመሪያ ላይ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ኦንታሪዮ ሲደርስ ግን ሕዝቡ መንገድ ዳር ተሰልፎ ይጠብቀው ጀመር።

በ143ኛው ቀን፣ 5,373 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ፣ ተንደር ቤይ አቅራቢያ ካንሰሩ ሳንባው ደርሶ አስቆመው። ምኞቱ ከእያንዳንዱ ካናዳዊ 1 ዶላር ማግኘት ነበር፤ በሕይወት ሳለ ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዋጥቶ ምኞቱ ሞላ። በ1981፣ በ22 ዓመቱ ዐረፈ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሕመሙን አለመደበቁ ነው። በቁምጣ እየሮጠ ሰው ሠራሽ እግሩን ለአገር አሳየ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የምንል እኛም ከእሱ ብዙ እንማራለን። ለሕሙማን የሚደረግ የእግር ጉዞ ሲጠራችሁ ቲሸርቱን ገዝታችሁ ብቻ አትቅሩ፤ ውጡና ተጓዙ፤ ስለ በሽታውም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተናገሩ።