የአውሮፕላን ጥገና ደንብ ሥልጠና ለበላይ ኃላፊዎች፤ አንቀጽ ማወቅና ኃላፊነትን ማወቅ

የአውሮፕላን ጥገናን ሥልጠና ለመረመረ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ጎልቶ የሚታየው የሚዛኑ አለመመጣጠን ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ባለተርባይን አውሮፕላን ጠግኖ ለበረራ ብቁ መሆኑን በፊርማው ለሚያረጋግጥ ባለሙያ፣ በታወቀ ማሠልጠኛ ተቋም የሚሰጠው መሠረታዊ ትምህርት 2,400 ሰዓት ነው። ከዚህም በላይ የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ በየሁለት ዓመቱም ሙያውን የሚያድስ ሥልጠና መውሰድ አለበት። ደንቡ «ተጠያቂ ሥራ አስኪያጅ» ብሎ ከሚጠራው የድርጅቱ የበላይ ኃላፊ የሚፈለገው ግን ስለ ደንቡ መሠረታዊ ግንዛቤ እንዳለው ማሳየት ነው። የሰዓት ልክ አልተወሰነለትም። ከአውሮፓ ውጭ ያለ የጥገና ድርጅትም በዚያ የተመዘገቡ የንግድ አውሮፕላኖችን ለመጠገን ሲፈልግ ይኸው ደንብ ስለሚመለከተው ጉዳዩ የአውሮፓውያን ብቻ አይደለም።

የሰዓቱ ልዩነት በራሱ ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም። የበላይ ኃላፊው ብሎን አያጠብቅም፤ ሞተርም አይፈታም። ደንቡ የጣለበት ግዴታ ጥገናው በተወሰነው ደረጃ እንዲከናወን አስፈላጊውን ገንዘብ፣ የሰው ኃይልና መሣሪያ ማሟላት ነው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያጸደቀው 19ኛ አባሪም የደኅንነት የመጨረሻ ተጠያቂ የሆነ አንድ የበላይ ኃላፊ በግልጽ እንዲሰየም ያዛል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሥልጠናው ስንት ሰዓት ይፈጃል የሚለው ሳይሆን፣ ይህንን ግዴታ በእርግጥ ያስተምራል ወይ የሚለው ነው።

ለእነዚህ ኃላፊዎች የሚዘጋጀው ኮርስ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን የሚጠናቀቅ ሲሆን የይዘቱ ቅደም ተከተል የደንቡን አንቀጾች ተራ ይከተላል። አሠልጣኙ አንቀጹን ያነባል፤ ያብራራል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በመጨረሻም የምስክር ወረቀት ይሰጣል። በሥርዓተ ትምህርት ዐይን ሲታይ የዚህ አቀራረብ ጉድለት ግልጽ ነው። ዓላማው ሠልጣኙ ምን ማድረግ እንደሚችል ሳይሆን ምን እንደ ሰማ ይገልጻል። ምዘና ካለም የማስታወስ ችሎታን ከመፈተን አያልፍም። የአንቀጹን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ኃላፊ፣ ለሌሊቱ ፈረቃ የተመደቡት ሰዎች ለተያዘው ሥራ እንደማይበቁ ከፊቱ ካለው ሠንጠረዥ ላይ ለይቶ ማየት ላይችል ይችላል።

ይህ ጉድለት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለመገንዘብ በአሜሪካ የደረሰ አንድ አደጋ በቂ ምሳሌ ይሆናል። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1991 የኮንቲኔንታል ኤክስፕረስ አውሮፕላን ከላሬዶ ወደ ሂዩስተን ሲበር በቴክሳስ ወድቆ በውስጡ የነበሩት 14 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ሌሊቱን በጥገና ላይ ሳለ በጭራው አግድም ክንፍ በግራ በኩል፣ የፊተኛውን ጠርዝ ከላይ የሚይዙ 47 ብሎኖች ተፈትተው ነበር። ፈረቃ ሲለወጥ የተጀመረው ሥራ በሚገባ ተመዝግቦ ስላልተላለፈ ብሎኖቹ ሳይመለሱ ቀሩ፤ አውሮፕላኑም በማለዳ ወደ በረራ ተመለሰ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የጥገናና የቁጥጥር ሠራተኞች ተገቢውን የአሠራር ሥርዓት አለመከተላቸውን የአደጋው ምክንያት አድርጎ፣ የአመራሩን ጉድለት ግን በአባባሽነት መዘገበው። ከቦርዱ አባላት አንዱ የነበሩት ጆን ላውበር በዚህ አልተስማሙም። የጸደቀው አሠራር እንዲከበር የሚያበረታታና የሚያስገድድ ልማድ በድርጅቱ ውስጥ አለመመሥረቱ፣ ይህም የአመራሩ ጥፋት መሆኑ፣ ከዋናው ምክንያት ውስጥ መግባት አለበት የሚል የልዩነት ሐሳብ አስመዘገቡ። ለሥልጠና አዘጋጅ ትልቁ ቁም ነገር ያለው በዚህ ክርክር ውስጥ ነው። ፈረቃ ሲለወጥ በጽሑፍ መረካከብ በመመሪያ መደንገጉ አይበቃም፤ በተግባር የሚፈጸም መሆኑን የማረጋገጥ ሥልጣንም ግዴታም ያለው የበላዩ ነው። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለው ተረት ለዚህ ተስማሚ ነው።

እንግዲህ የኮርሱ ይዘት ከአንቀጾች ተራ ወጥቶ ከውሳኔዎች መነሣት ይገባዋል። ለሠልጣኙ የወሩ የበረራ ፕሮግራምና ያለው የሠራተኛ ሰዓት ይቀርብለት፤ ሁለቱ ሳይመጣጠኑ ሲቀሩ የትኛውን እንደሚቀንስ ይወስን፤ ውሳኔውንም የሚደግፈውን ወይም የሚቃወመውን አንቀጽ ራሱ ፈልጎ ያግኝ። ያልተሟላ የፈረቃ መረካከቢያ መዝገብ ተሰጥቶት የጎደለውን ይለይ። አንድ መካኒክ መሣሪያ እንደ ጎደለ ያመለከተበት ደብዳቤ ቀርቦለት መልሱን ይጻፍ። ምዘናውም በኮርሱ ማብቂያ ላይ አያቁም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በሥራ ቦታው በጀቱና የሰው ኃይል ድልድሉ ይታይ።

የበላይ ኃላፊዎች ጊዜ የላቸውም፣ ደግሞም ደንቡ ራሱ በየዘርፉ ባለሙያ ኃላፊዎች እንዲሰየሙ ስለሚያዝ ዝርዝሩን ለእነርሱ መተው ይበቃል የሚል መከራከሪያ ይሰማል። የመጀመሪያው ነጥብ እውነትነት አለው፤ ሆኖም ከላይ የተመለከቱት መልመጃዎች በዚያው በሁለት ቀን ውስጥ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። ሁለተኛው ግን ሥራን ከተጠያቂነት ጋር ያደባልቃል። ሥራ በውክልና ይተላለፋል፤ የመጨረሻው ተጠያቂነት ግን አይተላለፍም። በጀት የሚፈርመው እጅ ያልተረዳውን አደጋ የበታቹ ቢረዳው እንኳ፣ ገንዘቡን የመፍቀድ ሥልጣን ስለሌለው እስከ መጨረሻው ሊያስወግደው አይችልም።

ነገሩ ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም ባዕድ አይደለም። ርእሰ መምህራንና የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች መመሪያ በሚነበብበት ስብሰባ ተገኝተው «ሠለጠኑ» ሲባል፣ በአውሮፕላን ጥገናው ዘርፍ የታየው ጉድለት እዚህም ይደገማል። የማንኛውም ኃላፊ ሥልጠና ዕቅድ ሲነደፍ ከይዘቱ ዝርዝር በፊት መጻፍ የሚገባው፣ ሠልጣኙ ወደ ቢሮው ሲመለስ የሚፈርመው የትኛው ወረቀት እንደሚለወጥ ነው። ይህንን መጻፍ ያልተቻለበት ኮርስ የምስክር ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት እንደገና ሊታሰብበት ይገባል።