በአማርኛ የተጻፈች፣ በአማርኛ ያልታሰበች

ባለፈው ወር እዚህ አሜሪካ ከአንድ ክሊኒክ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከጠረጴዛው ላይ ስለ ሲጃራ ጉዳት የምታስተምር ባለ አራት ገጽ ወረቀት በአማርኛ ተጽፋ አገኘሁ። በሰው አገር የራስን ፊደል ማየት ደስ ይላልና አነሳኋት። ያዘጋጇት ሰዎች ቅንነት አያጠራጥርም። ወረቀቷ ግን አማርኛ ለበሰች እንጂ በአማርኛ አልታሰበችም።

ለምሳሌ፣ ሲጃራ ለመተው የሚፈልግ ሰው ደውሎ በነጻ የሚመከርበትን ስልክ «የማቆሚያ መስመር» ትለዋለች። አጠገቤ የተቀመጡ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ የታክሲ ነጂ ይህን አይተው «ደግሞ የመኪና ማቆሚያ እዚህ ምን አገባው?» አሉኝ። ሳቅን። ነገር ግን እኒህ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ አጫሽ ናቸው፤ ወረቀቷም የታተመችው ለእርሳቸው ነበር። ከአጫሹ ወደ ጎረቤቱ የሚሄደውን ጭስ ደግሞ «የሁለተኛ እጅ ጭስ» ብላዋለች። እኔስ ስለ ሰልባጅ ልብስ የምታወራ መስሎኝ ነበር! «እርስዎ ያጨሱትን ልጅዎም ይስበዋል» ቢባል ምን ነበረበት?

ከቃላቱ ይልቅ ያሳዘነኝ ዝምታዋ ነው። ስለ ሺሻ አንድ መስመር እንኳ የለም። ሲጃራ በአፌ አልዞረም የሚሉ ልጆቻችን ቅዳሜ ማታ ሺሻ ከበው ያመሻሉ፤ ውሃው መርዙን ያጣራዋል ብለው። አያጣራውም። የዓለም የጤና ድርጅት የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳስታወቀው፣ ለአንድ ሰዓት ሺሻ የሚስብ ሰው የአንድ ሲጃራን ከ100 እስከ 200 እጥፍ የሚሆን ጭስ ሊስብ ይችላል። ከሰሉ ደግሞ የራሱን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምርበታል። «ጫት ስይዝ ብቻ ነው የማጨሰው» ለሚለውስ? ለእርሱም መልስ የላትም።

ሥዕሏ ጎልፍ የሚጫወት ነጭ ሽማግሌ ነው። አገር ቤት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የሲጃራ ፓኮ 70 በመቶው በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን አዝዟል፤ ፊደል ያልቆጠረም ሰው ይረዳዋል።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን፣ ሦስተኛው ገጽ መልካም ነው። ሲጃራ ያቆመ ሰው በ20 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምቱ መርገብ እንደሚጀምር፣ በዓመቱም በልብ ሕመም የመያዝ አደጋው ከአጫሹ ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በአጭር አማርኛ ይነግራል። ይህን ገጽ የጻፈው ሰው ሌሎቹንም ቢጽፋቸው ኖሮ! ወይም ከመታተሟ በፊት ኤርፖርት ተራ ለሚጠብቁ አምስት ነጂዎች አንብበውላቸው፣ «ምን ተረዳችሁ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ወጪው የአንድ ስኒ ቡና ነበር።

የስልኩ ቁጥር ራሱ «ኩዊት ናው» ተብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው የተጻፈው። ከነጂው ጋር የስልክ ቁልፍ እያየን ፈታነው፦ 1-800-784-8669። በብዙ ስቴቶች አስተርጓሚ መጠየቅ እንደሚቻልም ነገርኳቸው። በነዳጅ ደረሰኛቸው ጀርባ ላይ ጽፈው፣ አጣጥፈው ከሲጃራ ፓኮው ጋር ኪሳቸው ከተቱት።