ቀኑ የማይለወጥ ሳንቲምና የማኅተሙ ስንጥቅ

የድሮ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው በአንድ ሳንቲም ላይ እንደ ጠጕር የቀጠነች መስመር ባገኘ ጊዜ የሚሰማው ደስታ ለብዙዎች የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ይህን ነቀፌታ ከጓደኞቻችን አፍ አዘውትረን እንሰማለን። ነቀፌታው ግን የሚነቅፈውን ነገር ሳይመረምር የሚነገር ነው። በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚነቀፍ ነገር የለም ማለታችን አይደለም፤ አለ፤ ነገር ግን መስመሯን መፈለጋቸው አይደለም።

ገንዘብ የሚመታው የተቀረጹ ሁለት የብረት ማኅተሞች በመካከላቸው የተቀመጠውን ክብ መዳብ በኀይል ሲጫኑት ነው። የማኅተሙ ብረት ከመጠን በላይ የጠነከረ እንደሆነ በምት ብዛት ይሰነጠቃል፤ የለሰለሰ እንደሆነ ደግሞ ይሰረጕዳል። ማኅተሙ ከተሰነጠቀ በኋላ በሚመታው ሳንቲም ላይ መዳቡ ወደ ስንጥቁ ይገባና ከፍ ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል። በኪስ ውስጥ ወይም በድንጋይ ላይ የተጫረ መስመር ግን ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ጭረትን እንደ ስንጥቅ የሚገዙ፣ እያወቁም የሚሸጡ አሉ። ስንጥቁ በየምቱ እየረዘመ ስለሚሄድ፣ ከአንድ ማኅተም ከወጡት ሳንቲሞች አጭር መስመር ያለበት ረዥም መስመር ካለበት በፊት የተመታ ነው። በመጨረሻም ከማኅተሙ ጠርዝ ቁራሽ ይወድቃል፤ በዚያም ስፍራ በሳንቲሙ ላይ መልክ የሌለው እባጭ ይታያል። እንግዲህ መስመሯ ሰዓት ናት ማለት ነው።

ይህን ሰዓት ከሁሉ አብልጠው ያነበቡት የአሜሪካን የመዳብ ገንዘብ ሰብሳቢዎች ናቸው። በፊላዴልፊያ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1793 ጀምሮ የተመታው ትልቁ ሴንት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማኅተሙ በእጅ የሚሠራ፣ ፊደሉና ቍጥሩም አንድ በአንድ የሚመታበት ስለ ነበር፣ ሁለት ማኅተሞች ፍጹም አይመሳሰሉም። ዶክተር ዊልያም ሼልደን እ. ኤ. አ. በ1949 ባሳተመው፣ በ1958ም «ፔኒ ዊምዚ» ብሎ አድሶ ባወጣው መጽሐፍ ከ1793 እስከ 1814 ያለውን እያንዳንዱን የማኅተም ጥንድ ቍጥር ሰጥቶ ለይቷል። በሥራው ትልቅነት ላይ ክርክር የለንም። ነገር ግን ይኸው ሰው የሳንቲምን ይዞታ ከ1 እስከ 70 የሚለካውን መስፈርት ያወጣ ነው፤ የሚያብረቀርቀውን ከሚመሰክረው አስበልጦ የማየት ልማድም በዚህ መስፈርት ተበረታታ። ሼልደን ከሞተ በኋላ ደግሞ የአሜሪካ የኑሚስማቲክ ማኅበር ከሚያስቀምጣቸው ሴንቶች ከ100 የሚበልጡትን ዝቅ ባሉ ሳንቲሞች ለውጦ መውሰዱ ተገለጸ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ልውውጡን ለማስረዳት የጠቀሙት ሳንቲሞቹ አስቀድሞ የተነሡት ፎቶግራፎች ነበሩ። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሰዓቱ ከአሜሪካኖቹ ይልቅ ለእኛ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በ1937 ዓ. ም. በወጣው አዲስ ገንዘብ የአንድ፣ የአምስት፣ የዐሥርና የሃያ አምስት ሳንቲም መዳቦች ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክና ዘውድ የደፋው አንበሳ ይታያሉ፤ ቀኑም ፲፱፻፴፮ ይላል። መልኩን የቀረጸው በኋላ የሩዝቬልትን ዳይም የሠራው ጆን ሲኖክ ነው። መጀመሪያ የተመቱትም በዚያው በፊላዴልፊያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን በበርሚንግሃምና በለንደንም ተመትተዋል። ቀኑ በ30 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተለወጠም። የአሜሪካው ሴንት ዓመቱን ራሱ ይናገራል፤ ስንጥቁ የሚጨምርለት ወሩን ቢሆን ነው። የእኛ አምስት ሳንቲም ግን በ1937 የወጣውም ከብዙ ዓመት በኋላ የወጣውም አንድ ቃል ነው የሚናገሩት። በዚህ ላይ ማኅተሞቹ ሁሉ ከአንድ እናት ቅርጽ የሚባዙ ስለ ነበሩ በፊደል አቀማመጥ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ አንዱን ማኅተም ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ብቻ ነው።

ቀን እንደሚያሳስት ለሚጠራጠር ሰው ስሙኒውን እናሳየዋለን። የመጀመሪያው ስሙኒ ክብ ነበር፤ በመጠኑም ከብሩ ሽልንግ እምብዛም አይለይም ነበርና ብልጦች የብር ቀለም እያለበሱ በሽልንግ ዋጋ ያሳልፉት ጀመር። መንግሥትም ክቡን ሰብስቦ እ. ኤ. አ. በ1952 እና በ1953 ጠርዙን እንደ መጋዝ ጥርስ እያስቈረጠ አወጣው። አቈራረጡ ሻካራ የሆነም አለ፣ ያማረም አለ። ቀኑ ግን እንደ ወትሮው ፲፱፻፴፮ ነው! የስሙኒውን ታሪክ ከቀኑ ሳይሆን ከጠርዙ ነው የምናነበው። የ1780 ቀን ተሸክማ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ያህል በየአገሩ የተመታችውን ማርያ ትሬዛን አያቶቻችን የዘውዷን ዕንቍ ቈጥረው ዘጠኝ ካልሆነ አንቀበልም ይሉ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ስለዚህ ገንዘብን አተኵሮ ማየት ከባሕር ማዶ የመጣ ጨዋታ አይደለም።

አሁን ወደ ነቀፌታችን እንግባ። በዚህ በሐዋሳ፣ የሲዳማ ሕዝብ ፍቼ ጨምበላላን በሚያከብርበት በጉዱማሌ አጠገብ፣ አንድ ነጋዴ ለእንግዳ የሚያቀርባቸውን የድሮ ሳንቲሞች ተመልክተን ነበር። ሁሉም በሎሚና በዐመድ ታሽተው እንደ አዲስ ያበራሉ። በአንዱ አምስት ሳንቲም ላይ ከአንበሳው ጅራት እስከ ጠርዝ የሚሄድ ከፍ ያለ መስመር በአጉሊ መነጽር ሲታይ፣ መታሸቱ መስመሩን ግማሽ ላይ አጥፍቶታል። ከየት እንደ መጣ ብንጠይቀው ከየቤቱ በኪሎ ገዝቶ አንድ ላይ እንዳፈሰሰው ነገረን። በነጋዴው አንፈርድም፤ የሚሸጠው የሚፈለገውን ነው። ጥፋቱ ብርሃኑን ብቻ እየመረጠ ለዚያ የሚከፍለው የሰብሳቢው ነው፤ «1936» ብሎ በአንድ መስመር የሚያልፈውም መዝገብ ከጥፋቱ ድርሻ አለው።

ምክንያቱም ስንጥቅ ቅደም ተከተልን እንጂ ዓመትን አይናገርም። ዓመቱን ለማወቅ መቼ እንደ ተዘጋ የሚታወቅ ሙዳይ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ አንዲት እናት በ1950 የሞተ ባሏ ያጠራቀመውን ሳትነካው አስቀምጣ ከሆነ፣ በዚያ ውስጥ ያለው ስንጥቅ ሁሉ ከ1950 በፊት የደረሰ ነው። ያ ሙዳይ ተከፍቶ ከሌላው ጋር በኪሎ ከተቀላቀለ በኋላ የሼልደን ዐይን ያለው ሰው ቢመጣም ምንም አያተርፍም። የአክሱም ሳንቲሞች ቢያንስ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቍጥር 209/1992 ጥላ ሥር ናቸው፤ የትናንቱን አምስት ሳንቲም ግን ማንም ቅርስ ብሎ አይቈጥረውም።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። ቤተ ሰቡ ሙዳዩን ሳያጥብና ሳያሽ፣ ሳንቲሞቹን በሁለቱም ፊት በስልክ ፎቶግራፍ ቢያነሣ፣ ከማን እንደ ቀሩና መቼ እንደ ተዘጉ በወረቀት ቢጽፍ፣ ከዚያ በኋላ ቢሸጥም ምስክሩ ይቀራል። እኛም ከየቤታችን የምናገኘውን በዚሁ ዐይነት እየመዘገብን ነው፤ እስካሁን ያየናቸው አብዛኞቹ የዐሥር ሳንቲሞች ናቸው፤ ያልተበሳና ያልታሸ አንድ ሳንቲም ማግኘት ግን ከባድ ነው።