ወተቷ የማይታይ ላም፦ የጃፓን አኒሜ እየወደቀ ነውን?

ሂዴአኪ አኖ እ.ኤ.አ. በ2015 ለአንድ የሩሲያ የዜና ተቋም በሰጠው ቃለ ምልልስ የጃፓን አኒሜ ከፍታውን አልፎ ቁልቁል መውረድ ጀምሯል አለ። ያለው ሥርዓት ሳይፈርስ ምናልባት አምስት፣ ቢበዛ ሃያ ዓመት ይቆያል የሚል ግምትም አከለበት። (በዚህ ዳሰሳ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ንግግሩን ያከበደው የተናጋሪው ማንነት ነው፤ «ኒዮን ጄነሲስ ኢቫንጌሊዮን»ን የሠራ ሰው ስለ አኒሜ ሞት ሲያወራ የውጭ ተመልካች ሟርት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

አምስተኛው ዓመት፣ 2020፣ ደረሰ። ዓለም በወረርሽኝ ደጇን ዘግታ ሳለ የጃፓን ሲኒማ ቤቶች በጥቅምት ወር «ዴመን ስሌየር፦ ሙገን ትሬን»ን ማሳየት ጀመሩ። ፊልሙ በሀገር ውስጥ ብቻ ከ40 ቢሊዮን የን በላይ አስገብቶ የሀያኦ ሚያዛኪ «ስፒሪትድ አዌይ» ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ይዞት የቆየውን ክብረ ወሰን ነጠቀ። የጃፓን አኒሜሽን ማኅበር በየዓመቱ የሚያወጣው ዘገባም ያው ነው የሚለው። በ2002 አንድ ትሪሊዮን የን አካባቢ የነበረው ጠቅላላ ገበያ በ2023 ከ3.3 ትሪሊዮን አለፈ፤ በ2024 ደግሞ 3.8 ትሪሊዮን ደረሰ። ከዚህ ገንዘብ ከግማሽ የሚበልጠው የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ሶኒ የአኒሜ ማሰራጫውን ክራንቺሮልን በ2021 ሲገዛ 1.175 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ የሚሞት ነገር በዚህ ዋጋ አይገዛም። ይህም ቢሆን የሚቆጠረው የከፈለው ብቻ ነው፤ ክፍሎቹን በቴሌግራም እየተቀባበለ በስልኩ የሚያየው የአዲስ አበባ ወጣት በየትኛውም ሠንጠረዥ ውስጥ የለም።

ታዲያ አኖ ተሳሳተ? በገበያው ከሄድን በግልጽ ተሳስቷል። የእኔ ጥርጣሬ ግን «አኒሜ እየወደቀ ነው» የሚሉትም «እያደገ ነው» የሚሉትም ስለ አንድ ነገር እየተከራከሩ አለመሆናቸው ላይ ነው። አንዱ ጎተራውን ያያል፤ ሌላው ማሳውን። ጎተራው ሞልቷል። ማሳው ላይ ግን ገበሬው የዘር እህሉን እየፈጨ ነው፤ ዘሩን የሚፈጭ ቤት ደግሞ በዚያው ክረምት አይራብም።

ነገሩ የሚጀምረው በጥር 1 ቀን 1963 ነው። በዚያን ቀን በፉጂ ቴሌቪዥን የታየው የኦሳሙ ቴዙካ «አስትሮ ቦይ» በየሳምንቱ የግማሽ ሰዓት አኒሜሽን ማቅረብ እንደሚቻል አሳየ። የተቻለው ግን በቁጠባ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል፤ የቴዙካ ሙሺ ፕሮዳክሽን አንዱን ሥዕል ለሦስት ምስል እያቆየ በሰከንድ ስምንት ሥዕል አብቃቃ። አፍ ብቻ የሚንቀሳቀስበት ፊት፣ ተቀምጦ ተመልሶ የሚወጣ የበረራ ሥዕል፣ ካሜራው ብቻ የሚሄድበት ቋሚ ምስል፤ ዛሬ የአኒሜ «ስታይል» የምንለው አብዛኛው ነገር የዚያ የገንዘብና የጊዜ እጥረት ልጅ ነው። ቴዙካ ሥራውን ለጣቢያው ከወጪው በታች ሸጠ፤ ጉድለቱን በአሻንጉሊት፣ በጣፋጭ ማስታወቂያና በባሕር ማዶ ሽያጭ ሊሞላ አስቦ። ሚያዛኪ ቴዙካ ከሞተ በኋላም ያልማረው ለዚህ ነው፤ ርካሹ ዋጋ ለሚከተሉት ሁሉ ወለል ሆኖ ቀረ ብሎ ነቅፎታል። ሁሉንም ዕዳ በአንድ ሰው ላይ መጫን ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ቴዙካ ባይጀምረው ሌላ ሰው ይጀምረው ነበር። ሙሺ ፕሮዳክሽን በ1973 መክሰሩ ግን መዘንጋት የለበትም። የመጀመሪያው ምሳሌ የመጀመሪያው ሰለባም ሆኗል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተስፋፋው የገንዘብ አደረጃጀት ይህን ወለል ሕግ አደረገው። ጃፓኖች ሴይሳኩ ኢንካይ የሚሉት የአምራቾች ኮሚቴ ነው። አሳታሚው፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው፣ የሙዚቃ ኩባንያው፣ የአሻንጉሊት ፋብሪካውና የማስታወቂያ ድርጅቱ ገንዘብ አዋጥተው አንድ ሥራ ያሠራሉ። ቢከስር ኪሳራው ይከፋፈላል፤ ቢያተርፍ ትርፉም መብቱም በመዋጮአቸው ልክ የእነሱ ነው። ሥዕሉን የሚሥለው ስቱዲዮ ብዙውን ጊዜ ከኮሚቴው ውጭ ነው፤ ቁርጥ ዋጋ ተቀብሎ ሥራውን ያስረክባል። በድሮው የመሬት ሥሪታችን እኩል አራሽ የነበረ ጭሰኛ እንኳ አውድማው ላይ ቆሞ ምርቱ ሲሰፈር ያያል፤ ዓመቱ ከሰመረ የእሱም ድርሻ ይሰምራል። ስቱዲዮው ያንን ዕድል እንኳ አላገኘም። ሥራው በመቶ አገር ቢታይም ባይታይም የሚገባለት ያው ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት በቶኪዮ የሱጊናሚና የኔሪማ ወረዳዎች ለታጨቁት ስቱዲዮዎች የተተረተ ይመስላል።

በቁጥር ለማየት፦ ቴይኮኩ ዳታባንክ የተባለው የጥናት ድርጅት የአኒሜ አምራች ኩባንያዎች የ2023 ጠቅላላ ገቢ 339 ቢሊዮን የን ገደማ እንደነበር ዘግቧል። ለእነሱ ይህ ክብረ ወሰን ነው። ከ3.3 ትሪሊዮኑ አጠገብ ሲቀመጥ ግን፣ የሁለቱ ዘገባዎች የአቆጣጠር ስልት ቢለያይም፣ ከአሥር አንድ ያህል ነው።

በዚህ ክርክር ጋይናክስን ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ነው። «ኢቫንጌሊዮን»ን ያስገኘው ኩባንያ በ2024 ግንቦት መጨረሻ የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ፤ «እነሆ፣ ሥርዓቱ ወላጁን በላ» ተባለ። ይህ ሙግት ደካማ ነው። ኩባንያው ራሱ ባወጣው መግለጫ ላይ የከሸፈ የምግብ ቤት ንግድ፣ መጨረሻው ሳይታሰብ የተቋቋመ የኮምፒውተር ግራፊክስ ድርጅትና ለኃላፊዎች ያለ መያዣ የተሰጠ ብድር ተዘርዝረዋል። አኖ በ2006 ያቋቋመው ካራ ኢቫንጌሊዮንን ይዞ በሕይወት አለ። ስለዚህ ጋይናክስ የሚያስተምረን ስለ አስተዳደር እንጂ ስለ ዘርፉ ሞት አይደለም። የዘርፉን ችግር ከፈለግን ከከሰሩት ኩባንያዎች ይልቅ ገና ባልከሰሩት ውስጥ፣ ያውም ከሁሉ በታች ባለው ወንበር ላይ መፈለግ አለብን።

ያ ወንበር የዶጋ ሠዓሊው ነው። በአኒሜ አሠራር ልምድ ያለው ሠዓሊ የእንቅስቃሴውን ዋና ዋና ምዕራፎች ይሥላል፤ ይህ ገንጋ ይባላል። ከአንዱ ገንጋ ወደ ቀጣዩ የሚያሸጋግሩት መካከለኛ ሥዕሎች ዶጋ ይባላሉ፤ የሚሥላቸውም ጀማሪው ነው። ለብዙ ዘመን ክፍያው በአንድ ሥዕል 200 የን አካባቢ ነበር። የጃፓን አኒሜሽን ፈጣሪዎች ማኅበር በ2015 ባወጣው ጥናት የዶጋ ሠዓሊ አማካይ ዓመታዊ ገቢ 1.1 ሚሊዮን የን ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። የአገሪቱ ደመወዝተኛ አማካይ ገቢ በዚያን ጊዜ ከ4 ሚሊዮን የን በላይ ነበር። ነገሩ ወደ ውጭም ወጥቷል፤ የተባበሩት መንግሥታት የንግድና የሰብአዊ መብቶች የሥራ ቡድን በ2024 ስለ ጃፓን ባቀረበው ዘገባ የአኒሜን ዘርፍ በስም ጠቅሶ የጀማሪዎችን ዝቅተኛ ክፍያ፣ የተራዘመ የሥራ ሰዓትና ፍትሕ የጎደለው የንዑስ ተቋራጭነት ውል ነቅፏል።

ድህነቱ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ዶጋ ትምህርት ቤት ነበር። ጀማሪው የሌላውን ሰው ገንጋ ሺህ ጊዜ እየተከተለ ሲሥል ክብደት እንዴት እንደሚወድቅ፣ ጨርቅ ከክንድ ዘግይቶ እንዴት እንደሚከተል፣ ልምድ ያለው እጅ የትኛውን መስመር እንደሚተው በጣቱ ይማራል። ድጓ ጸሐፊ ከመምህሩ ብራና ላይ እየገለበጠ እንደሚማረው ማለት ነው። ይህ ሥራ ርካሽ በመሆኑ ለአሥርት ዓመታት ወደ ደቡብ ኮሪያ፣ ቻይና፣ ፊሊፒንስና ቬትናም ሲላክ ኖሯል። ሥራው ሲላክ መማሪያውም አብሮ ተላከ። ቶኪዮ የቀረው ጀማሪ በዶጋ ሳይበስል ወደ ገንጋ ይገፋል፤ ምክንያቱም በየወቅቱ በደርዘን የሚቆጠሩ ተከታታዮች ስለሚጀመሩ የገንጋ እጅ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው።

የዚህን ውጤት ለማየት የማንንም የሒሳብ መዝገብ መክፈት አያስፈልግም፤ በየክፍሉ መጨረሻ የሚወርደውን የስም ዝርዝር ማንበብ ይበቃል። የሥዕል ዳይሬክተር የሚባለው ሰው የሌሎችን ገንጋ እያረመ የገጸ ባሕርያቱን መልክ አንድ የሚያደርግ ነው። በቀድሞዎቹ ተከታታዮች ለአንድ ክፍል አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ስም ይወርድ ነበር። ዛሬ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስም ይወርዳል። ተመልካች ይህን የትጋት ምልክት አድርጎ ሊያየው ይችላል። ለእኔ የሚነግረኝ ተቃራኒውን ነው፤ የመጣው ሥዕል መታረም ሳይሆን እንደገና መሣል ነበረበት፣ ጊዜውም ለአንድ ሰው አልበቃም ማለት ነው። የጥንቱ የተሻለ ነበር የሚለው የናፍቆት ሙግት አያሳምነኝም፤ በ1980ዎቹም ተጣድፎ የተሠራ ብዙ ነገር ነበር፣ የዛሬዎቹ ምርጥ ክፍሎች ደግሞ በእንቅስቃሴ ጥራት ከቀደሙት ብዙዎቹን ያስንቃሉ። ችግሩ ያንን ጥራት የሚሸከሙት እጆች ጥቂትና የደከሙ መሆናቸው ነው።

የንዑስ ተቋራጩ ሰንሰለት የት ድረስ እንደሚዘረጋ በ2024 ሚያዝያ በአጋጣሚ ታየ። 38 ኖርዝ የተባለው የሰሜን ኮሪያን ጉዳይ የሚከታተል ቡድን ሳይዘጋ በተተወ የሰሜን ኮሪያ ኮምፒውተር ማከማቻ ላይ የአኒሜሽን ሥራ ፋይሎች መገኘታቸውን ዘገበ። በቻይንኛ የተጻፉ የእርማት ማስታወሻዎች ከኮሪያኛ ትርጉማቸው ጋር ነበሩ፤ ከፋይሎቹ መካከል በዚያው ዓመት ክረምት ሊታይ የታቀደ የጃፓን አኒሜ ይገኝበታል። ባለሥራዎቹ ያውቁ እንደነበር ማስረጃ አልተገኘም፤ ይልቅ የሚደንቀውም ይኸው ነው። የሥራው ባለቤት ሥራውን ማን እንደሣለው ላያውቅ የሚችልበት ርቀት ተፈጥሯል።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል ኪዮቶ አኒሜሽን አለ። ከቶኪዮ ርቆ በኡጂ የተተከለው ይህ ስቱዲዮ ሠዓሊዎቹን በቋሚ ደመወዝ ቀጥሮ፣ በራሱ ትምህርት ቤት አሠልጥኖ፣ ዶጋውንም ገንጋውንም በአብዛኛው በቤቱ ይሠራል። ይህን የቻለው በደግነት ብቻ አይደለም። የራሱን የልቦለድ ውድድር አቋቁሞ፣ መጻሕፍቱን ራሱ አሳትሞ፣ «ቫዮሌት ኤቨርጋርደን»ን የመሰለ ሥራ ከራሱ ማሳ አብቅሏል፤ ላሟ በረቱ ውስጥ ናት። ሐምሌ 18 ቀን 2019 አንድ ሰው ከስቱዲዮው ሕንፃዎች አንዱን አቃጥሎ 36 ሰዎች ሲሞቱ ዘርፉ ያጣው ለዚህ ነው በቁጥር የማይገለጸው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ለዓመታት የተኮተኮቱ እጆች ነበሩ።

የመብት ባለቤትነት ብቻውን ፈውስ ነው ብዬ ልደመድም ስል ግን ማፓ የተባለው ስቱዲዮ ይከለክለኛል። ማፓ በ2022 «ቼይንሶው ማን»ን ያለ ኮሚቴ፣ ሙሉ በሙሉ በራሱ ገንዘብ ሠራ፤ ኢንዱስትሪው ሲመኘው የኖረውን ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት «ጁጁትሱ ካይሰን» ሁለተኛ ምዕራፉን ሲያቀርብ በሥራው ላይ የነበሩ ሠዓሊዎች ስለ ጊዜ ሰሌዳው በማኅበራዊ መገናኛ በአደባባይ አማረሩ። ሁለቱን ስቱዲዮዎች የሚለየው ላሟን መያዝ ብቻ ሳይሆን በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚያልቧት ነው። ኪዮቶ ጥቂት ይሠራል። ገበያው ደግሞ ጥቂት የሚሠራን አይወድም።

እስከዚያው ዓለሙ አይጠብቅም። ለረጅም ጊዜ የጃፓንን ዶጋ ስትቀበል የኖረችው ቻይና በ2025 «ኔዣ 2»ን አወጣች፤ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ከአኒሜሽን ፊልሞች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። ይህን የዶጋ ቀጥተኛ ፍሬ ማድረግ ችኮላ ይሆናል፤ የቻይና መንግሥት ድጋፍ፣ የሲኒማ ቤቶቿ ብዛትና የራሷ የቆየ የአኒሜሽን ባህል አሉበት። አኖ በ2015 የአኒሜ ማዕከል ወደ ሌሎች የእስያ አገሮች ሊሻገር እንደሚችል ማመልከቱን ግን ያስታውሳል።

በጃፓን ለግል ተቋራጮች ጥበቃ የሚሰጠው ሕግ በኅዳር 1 ቀን 2024 ሥራ ላይ ውሏል፤ ብዙ ሠዓሊዎች በሥሩ ይገባሉ። ዘግይቶ የመጣ ቢሆንም ከባዶ ይሻላል። በ2025 ዶጋ መሣል የጀመረ የሃያ ዓመት ወጣት፣ ሳይርበውና ሳይሰለቸው ከቆየ፣ የሌላውን ገንጋ ለማረም የሚበቃው አሥር ዓመት ያህል ሠርቶ ነው እንበል። ያኔ 2035 ይሆናል። አኖ የሰጠው የሃያ ዓመት ቀጠሮም የሚያበቃው በዚያው ዓመት ነው።