የእድሩ መዝገብ የት ገባ?

መቼም ሰፈር ሊፈርስ ሲል የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። መጀመሪያ ሜትር የያዙት ይመጡና ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ይጽፋሉ። ቀጥሎ የቆርቆሮና የበር ገዢዎች ናቸው። መጨረሻ ላይ ካሜራ ያነገቱ ልጆች ይደርሳሉ፤ "ትዝታችሁን ልንቀርጽ ነው" ይላሉ። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ የኖርኩበት ሰፈር ሊነሳ ሲቃረብ ሦስቱም በየተራቸው መጡ። የመጨረሻዎቹን ደስ ብሎኝ ነበር የተቀበልኳቸው። ዛሬ ግን ወቀሳ አለኝ፤ ወቀሳው እኔንም አይምርም።

ልጆቹ የእድራችንን ፀሐፊ ደጃፍ ላይ አስቀምጠው "ጋሼ፣ ሰፈሩ ድሮ እንዴት ነበር?" አሏቸው። "ደስ ይል ነበር" አሉ። ሌላ ምን ይበሉ? ከዚያ የቡና ጭስ ተቀረጸ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ ተቀረጸ፣ መሲንቆ ተጨመረበት፣ አለቀ። ፊልሙን ያየ ሰው ሰፈራችን ገነት ነበር ይላል። ለስንት አባወራ አንድ መጸዳጃ ቤት እንደነበረን፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ ስንቀዝፍ እንደምናድር የተነፈሰ የለም። ጎረቤቴ እትዬ "የራሴ ሽንት ቤት ያለው ቤት ማግኘቴንስ ማን ይቅረጽልኝ?" ብለው ስቀዋል። ወዲያው ደግሞ "ብሞት ግን ማን ሊቀብረኝ ነው?" አሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ካሜራው ግን ለሁለቱም ቦታ አልነበረውም።

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ ካዛንቺስም በ2017 መጀመሪያ ሲነሳ ብዙ ተጽፏል። ሲኒማ ቤት ያለው፣ ኬክ ቤት ያለው፣ ስመ ጥር ልጅ ያፈራ ሰፈር አልቃሽ አያጣም። ወደኛ ክፍለ ከተማ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። በሰኔ 2008 ዓ.ም. ሐና ማርያም አካባቢ ቤቶች ሲፈርሱ የሰው ሕይወት የጠፋበት ግጭት ተነሥቶ ነበር። ስለዚያ መንደር ኑሮ በጽሑፍ የቀረልን ምንድን ነው? "ሕገወጥ ግንባታ" የምትል ሁለት ቃል ናት ማለት ይቻላል።

ከዚያም በፊት ቢሆን እኮ ባዶ መሬት ላይ አልሰፈርንም። ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ስም ነው፤ ንፋስ ስልክ ሲባልም ሽቦ የሌለው፣ በነፋስ የሚሄድ ቴሌግራፍ ማለት ነበር። ለቡና ጀሞ ላይ ኮንዶሚኒየምና ሪል ስቴት ሲተከል እርሻውን ለቆ የወጣ ገበሬ አለ። ያኔ የእርሱን ትዝታ ልቅረጽ ብሎ ከእኛ መካከል የተነሣ ሰው አላየሁም። እኔም አልተነሣሁም። ትዝታ የሚባል ነገር እንዳለ የገባን ቀለሙ የራሳችን ግድግዳ ላይ ሲደርስ ነው።

ሕጉ እንኳ ከእኛ ቀድሞ ነገሩ ገብቶታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ንብረት ብቻ አይቆጥርም፤ ለሚቋረጠው ማኅበራዊ ትስስርም ካሳ አለ ይላል። ጥሩ። ግን ትስስሩ ምን እንደነበር የጻፈው ማን ነው? ማንም እንዳትሉኝ። ተጽፏል። እድሩ ጽፎታል።

የእኛ እድር ሦስት ወፋፍራም መዝገብ ነበረው። መዋጮው ከወር 1 ብር ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ ማን መቼ ገባ፣ ማን ለቅሶ ቀርቶ ተቀጣ፣ ድንኳኑ የተገዛው በስንት ነው፣ ሁሉም እዚያ ላይ ሰፍሯል። ያልተጻፈውም ይናገራል። በ1970 ዓ.ም. ገጾች ላይ ለወጣት ሟች የወጣ ወጪ አይገኝም። ወጣት ስላልሞተ አይደለም፤ በቀይ ሽብር ለተገደለ ልጅ ማልቀስ ክልክል ስለነበር ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛው መሲንቆ ይነግረናል?

ታዲያ ሰፈሩ ሲበተን እድሩ ስብሰባ ጠራ። ገንዘቡን ተካፈልን፣ ድንኳኑና ድስቱ ተሸጠ፣ ስለ ወንበሮቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን። ስለ መዝገቡ አንድም ሰው እጁን አላወጣም። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር።

ኬፕታውን ውስጥ ዲስትሪክት ሲክስ የሚባል ሰፈር ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1966 የነጮች መኖሪያ ተብሎ ታወጀና ከ60 ሺሕ በላይ ሰው ተነሣ። በ1994 በተከፈተው ሙዚየም ወለል ላይ የሰፈሩ ካርታ ተዘርግቷል፤ የቀድሞ ነዋሪ እየመጣ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ ስሙን ይጽፋል። እነርሱ ከፈረሰ በኋላ ከሰው አፍ እየለቀሙ ነው ይህን የሠሩት። እኛ ግን ስሙ ከነቀኑ ተጽፎ በእጃችን ነበር። በየፈረሰው ሰፈር ስንት እንዲህ ያለ መዝገብ ለቆሎ መጠቅለያ ሆኖ ይሆን?

ባለፈው ሳምንት ፀሐፊያችንን ፈልጌ ሄድኩ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ጉልበታቸው ደረጃውን ስለማይችል ብዙ አይወርዱም። መዝገቦቹን ከአልጋ ሥር አወጡልኝ፤ ሁለቱ ናቸው፣ ሦስተኛውን አይጥ በልቶታል።

"ምን ሊያደርግልህ ነው ልጄ?" አሉኝ።

"ፎቶ ላነሳው ነው ጋሼ።"

"ፎቶውስ ይሁን፤ ስሙን ብቻ አይተህ ግን ማንነቱን አታውቀውም" ብለው መነጽራቸውን አደረጉና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩልኝ። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ። ቅዳሜ እመለሳለሁ ብያቸዋለሁ።