የበላዔ ሰብእ ሚዛን

በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ደጅ የረገጠ ሰው ኹሉ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሳይሰማ አይቀርም። ታሪኩ ከተአምረ ማርያም አንዱ ክፍል ሲሆን፥ በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ይነገራል፤ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳም ላይ ከነሚዛኑ ተሥሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ዘወትር የሚሰማ ነገር ኹሉ ዘወትር ይመረመራል ማለት አይደለም። ስለዚህ ይህን ታሪክ እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ ተመልክቼ፥ ስለ እግዚአብሔር ፍርድና ምሕረት የሚሰጠውን ትምህርት ለመመርመር አስቤአለሁ።

ተአምረ ማርያም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት እንደ ሆነ ይታመናል። ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) በ33ቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲነበብ ሥርዓት ሠርተዋል። እንግዲህ መጽሐፉ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የሕዝባችንን ኅሊና ሲቀርጽ ኖሯል ማለት ነው።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቅምር በምትባል አገር ይኖር የነበረ አንድ ሰው፥ ሚስቱና ልጆቹ ሳይቀሩ 78 ነፍስ በላ። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ሰውነቱ የቈሰለ ድኻ አግኝቶ ውኃ እንዲያጠጣው ለመነው። ድኻው በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው፥ በቅዱሳንም ስም ቢማጠነው እንቢ አለ፤ በመጨረሻ ስለ እመቤታችን ስም ሲለው ግን ልቡ ራርቶ ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ከሞተም በኋላ ነፍሱ ለፍርድ ስትቀርብ እመቤታችን አማለደችው፤ 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፥ ጥርኙ ውኃ በሌላው ወገን ተደርገው ቢመዘኑ ውኃው መዝኖ ተገኘ፤ ሰውየውም ተማረ።

በዚህ ታሪክ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይሰናከላሉ። አንደኛው ፍርድ ወዳድ ነው፤ «የ78 ሰው ደም በጥርኝ ውኃ ይታጠባልን?» ሲል ይቈጣል። ሁለተኛው ቸልተኛ ነው፤ «ጥርኝ ውኃ ካዳነ ምን አደከመኝ?» ብሎ ይዝናናል። ሁለቱም ታሪኩን አጣርተው ያነበቡት አይመስለኝም።

ፍርድ ወዳዱ ሚዛኑን ዘንግቶታል። ደራሲው ምሕረትን ብቻ መንገር ቢፈልግ ኖሮ ሚዛን ባላስፈለገው ነበር፤ «ተማረ» ብሎ ነገሩን መዝጋት ይችል ነበር። እርሱ ግን የተበሉትን ሰዎች አንድም ሳያጐድል በዳኛው ፊት አቆማቸው። ስለዚህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ምሕረት ማለት ጥፋትን መሸፈን ወይም መርሳት አይደለም፤ ጥፋቱ በሙሉ ከታየና ከተቈጠረ በኋላ የሚሰጥ ነው።

ደግሞስ ውኃው ምንድን ነው? መምህራን ታሪኩን አስፍተው ሲተርኩት፥ ሰውየው አስቀድሞ ስምዖን ይባል እንደ ነበርና እንደ አብርሃም እንግዳ ሳይቀበል የማይውል ደግ ሰው እንደ ነበር ይናገራሉ። ሰይጣን በእንግዳ ተመስሎ ገብቶ፥ ልጁን አሳርዶ ሥጋውን አስቀመሰው፤ ከዚያ ወዲያ አእምሮው ተለወጠ። እንግዲህ ሰውየው የጠፋው በእንግዳ ምክንያት ነበር፤ የዳነውም ለመንገደኛ ውኃ በመስጠቱ ነው። ያ ጥርኝ ውኃ እንዲያው በአጋጣሚ የተደረገ በጎ ሥራ ሳይሆን፥ ከቀድሞው ከስምዖን የተረፈው ቅሪት ነው። በሚዛን ላይ የወጣውም ይህ ቅሪት ነው ብዬ አምናለሁ። ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በፍርድ ቀን ከሚጠየቁት ሥራዎች መካከል የተጠማን ማጠጣት እንዳለበት አስተምሯልና፥ ታሪኩ መሠረቱን ከወንጌል አልለቀቀም።

ቸልተኛውም ቢሆን ማምለጫ የለውም። በመምህራኑ ትረካ ሰውየው ውኃውን ከሰጠ በኋላ ወደ ዋሻ ገብቶ በንስሐ ሞተ እንጂ ወደ ቀድሞ ግብሩ አልተመለሰም። የ10 ሺሕ መክሊት ዕዳ ተምሮለት ሳለ ባልንጀራውን በ100 ዲናር ያሰረው ባሪያም ምሕረቱ ተመልሶ እንደ ተወሰደበት በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ተጽፏል።

ይህን ኹሉ ስናገር ታሪኩ ጐደሎ የለበትም ማለቴ አይደለም። 78ቱ ሰዎች ክብደት እንጂ ቃል አልተሰጣቸውም። ሚስቲቱ ምን አለች? ልጆቹስ በዳኛው ፊት ምን ተናገሩ? ደራሲው ዝም ብሏል። የበዳዩን ነፍስ ለማዳን ሲተጋ የተበደሉትን ዕንባ ሳያብስ አልፏል፤ ይህም ቀላል ጐደሎ አይደለም። ዘኬዎስ በጌታ ፊት በቆመ ጊዜ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገብቶ ነበር፤ በላዔ ሰብእ ግን ሙታንን ሊመልስ አይችልም ነበር። እንግዲህ መካስ የሚችል ሰው በዚህ ታሪክ ተመክቶ ካሣውን ሊያስቀር አይገባውም። ታሪኩን የሚያስተምሩ መምህራንም ይህን ቢጨምሩበት ትምህርቱ የበለጠ የተሟላ ይሆን ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያጐደለ ጸሐፊ ጉዳይ ሲመረመር ሐሳብ እንድሰጥ ተጠይቄ ነበር። የጥፋቱን ወረቀት አንብቤ ከሥራ ይባረር አልሁ፤ ሌላው መዝገቡ ሳይገለጥ ቀረ። ሰውየው ጥፋተኛ ነበር፤ ስለ ጥፋቱም መቀጣት ነበረበት። ነገር ግን እኔ ያየሁት አንዱን ወገን ብቻ ስለ ነበረ፥ ፍርዴ ትክክል ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። መምህር ተማሪውን፥ ሹም የበታቹን፥ ዳኛም ተከሳሹን በሚመረምርበት ጊዜ ይህን የቈየ ታሪክ ቢያስብ መልካም ነው። የተበደሉትን ኹሉ በአንዱ ወገን ያስቀምጥ፥ አንድም አያጕድል፤ ከዚያም በሌላው ወገን የሚቀመጥ ጥርኝ ውኃ እንዳለ ሳይጠይቅ አይፍረድ።