ስለ ብሪስቶል መስፈርትና ስለ መቱ ሕፃናት የቀረበ ሒስ

የሕፃናትን አጥንት የሚያስቈጣ፣ ነገር ግን ከተሕዋስያን የማይመጣ አንድ በሽታ አለ። የስዊስ ሐኪም ጊዲዮንና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ገልጸውታል። ሕመሙ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እንደ ገና ይመለሳል፤ ቅልጥምን፣ ጭንን፣ አከርካሪንና ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደውን አጥንት ይይዛል። መድኃኒቱ ተሕዋስያንን የሚገድል ሳይሆን መቈጣትን የሚያበርድ ነው። ስለዚህ ከአጥንት መግል ተለይቶ ካልታወቀ ሕፃኑ ለወራት የማይረባውን አንቲባዮቲክ ሲውጥ፣ አልፎም በከንቱ ሲቀደድ ይኖራል።

በዛሬው ጊዜ ሊቃውንቱ ሕፃኑን ከራሱ እስከ እግሩ በኤም አር አይ መመርመርን ያስቀድማሉ። ምክንያታቸው መልካም እንደ ሆነ አንክድም። መሣሪያው በማግኔትና በራዲዮ ሞገድ ስለሚሠራ እንደ ራጅ ጨረር የለበትም፤ ስቲር በተባለው የአነሣሥ ዘዴ በመቅኔው ውስጥ የተቋጠረው ውሃ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ሕፃኑን ያላመመውን ስፍራ፣ በተለይም ድምፁን አጥፍቶ አከርካሪን የሚያደቀውን ጉዳት ሳይቀር ያሳያል። ራጅ ግን በመጀመሪያ ጊዜ ምንም ላያሳይ ይችላል።

የምንተቸው እንግዲህ መሣሪያውን ሳይሆን አብሮት የመጣውን ደንብ ነው። የብሪስቶል ሐኪሞች በ2016 ባወጡት መስፈርት፣ ሕመሙና ምስሉ የተለመደውን ከመሰለ፣ የተያዘውም አጥንት ከአንድ በላይ ከሆነ (ወይም ያ ከአንገት ሥር ያለው ብቻውን ቢሆን)፣ በደም ውስጥም ሲ አር ፒ የተባለው የመቈጣት ምልክት በሊትር ከ30 ሚሊግራም ካልበለጠ፣ ናሙና ሳይወሰድ በሽታው ታወቀ ይባላል። ሌላ አንድ አጥንት ብቻ ሲሆን ወይም ሲ አር ፒው ሲበልጥ ግን ከአጥንቱ ናሙና ይወሰዳል፤ ይኸውም ሕፃኑ አንቲባዮቲክ በማይወስድበት ጊዜ ተመርምሮ ተሕዋስ ያላበቀለ መሆን አለበት።

ደንቡ ለብሪስቶል ይስማማ ይሆናል። በመቱ ግን ሌላ ክብደት ያገኛል። የነቀርሳ ተሕዋስ በአገራችን ብዙ ነው፤ አከርካሪን ይይዛል፤ አንዳንድ ጊዜም በብዙ አጥንት ላይ ባንድነት ይወጣል፤ መቅኔውም በኤም አር አይ ሲታይ ያው ነጭ ነው። የደም ካንሰርም እንዲሁ ሊመስል ይችላል። ነጭነቱ መቈጣቱን እንጂ የመቈጣቱን ምክንያት አይናገርም። ስለዚህ «ከአንድ በላይ አጥንት» የሚለው ቃል የብሪስቶልን ሕፃን ከቢላ የሚያድን ሲሆን፣ የሁሩሙን ወይም የያዮን ሕፃን ወደ ስሕተት ሊያደርስ ይችላል። ለጸናው በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል የተኛ ነቀርሳን የሚቀሰቅሱ አሉና ስሕተቱ ቀላል አይደለም።

በአንቲባዮቲኩ ነገር ላይ ጥቂት መቈየት ይገባናል። ከጎሬ ወይም ከበደሌ ተነሥቶ መቱ ካርል ሆስፒታል የሚደርስ ሕፃን አስቀድሞ በወጌሻ የታሸ፣ ከመድኃኒት ቤትም አሞክሲሲሊን ተገዝቶለት የዋጠ ሊሆን ይችላል። ናሙናው ምንም ባያበቅል፣ ተሕዋስ ስለሌለ ነው ወይስ መድኃኒቱ ስላዳከመው? ኤም አር አይ ይህን አይመልስም። ለመልሱ የሚረዳው ምን እንደ ተዋጠ፣ ለስንት ቀን፣ መቼም እንደ ቆመ በጥንቃቄ የተጻፈበት የጤና ጣቢያ ካርድ ነው። የብሪስቶል ጸሓፊዎች በአንድ ሐረግ ያለፉት ጉዳይ በእኛ ዘንድ ከሁሉ የከበደው ነው። (ካርድ መጻፍ ደግሞ ማግኔት አይጠይቅም።)

በአገራችን ያሉት የኤም አር አይ መሣሪያዎች አብዛኞቹ በአዲስ አበባ ናቸው፤ ከመቱ እስከዚያ ያለው መንገድም ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ትንሽ ሕፃን ሳይንቀሳቀስ እንዲተኛ ማደንዘዣ ያሻዋል። በሽታው ተመላላሽ ስለ ሆነ ምርመራውም ይመላለስ ቢባል፣ በቡና ለቀማ ወራት ልጁን ይዞ የሚጓዝ ወላጅ ስንት ጊዜ ይችላል?

እኛ የምናስበው ቅደም ተከተሉ እንዲገለበጥ ነው። ጉዞው አንድ ጊዜ ይሁን፤ ምስሉም ናሙናን የሚያስቀር ሳይሆን ከየትኛው አጥንት መውሰድ እንደሚሻል የሚያመለክት ይሁን። ከዚያ በኋላ ክትትሉ በመዳሰስ፣ በራጅና በደም ምርመራ በመቱ ይቀጥል። እንዲህ ከሆነ ድምፁን ያጠፋው የአከርካሪ ጉዳት ያመልጣችኋል የሚለን ቢኖር፣ ተቃውሞው እውነት ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ምስል አከርካሪው ተይዞ የተገኘ ሕፃን መንገዱ ቢከብድም እንደ ገና ወደ አዲስ አበባ መላክ አለበት።